ስንጥቁን ራሱ የሚደፍን አርማታ
(ሸዋ ሮቢት ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ሲሰነጠቅ ራሱን የሚጠግን አርማታ ነው። ስለዚህ ነገር የሚወራው ብዙውን ጊዜ «ባክቴሪያ ያለበት ሲሚንቶ ተገኘ፤ ጥገና ቀረ» እየተባለ ነው። ወሬው ከነአካቴው ውሸት አይደለም፤ ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል። አርማታ ባክቴሪያ ሳይጨመርበትም ትንንሽ ስንጥቆቹን ይደፍን ነበር፤ ዛሬም ይደፍናል። ይህን ችሎታ የሚያሳጣው በአብዛኛው የእኛው አሠራር ነው፤ በቆላ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ይህንን አስረዳለሁ፤ ቀጥዬም አዲሱ ቴክኖሎጂ ለአካባቢያችን ለይፋት የት እንደሚያዋጣና የት እንደማያዋጣ ሐሳቤን እሰጣለሁ።

ስንጥቅ ከየት ይመጣል?

አርማታ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። መሳብን የሚቋቋምበት አቅም ጭነት ከሚሸከምበት አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ፌሮ የምናስረው አርማታው የማይችለውን ብረቱ እንዲችልለት ነው። ብረቱም ሥራውን በቅጡ የሚጀምረው በዙሪያው ያለው አርማታ በጥቂቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ቢም ወይም ሶሌታ ሲያሰላ «አይሰነጠቅም» ብሎ አይደለም፤ «ስንጥቁ ከዚህ በላይ አይሰፋም» ብሎ ነው። ለተራ ሕንፃ የሚፈቀደው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሦስት ወረቀት ውፍረት ያህል።

ጣጣው የሚመጣው ውሃና አየር በስንጥቁ ዘልቀው ብረቱ ጋ ሲደርሱ ነው። ጤነኛ አርማታ ፒኤቹ ከ12 በላይ የሆነ፣ እጅግ አልካላይን ነገር ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ያለ ብረት ስስ መከላከያ ሽፋን አበጅቶ ሳይዝግ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። በስንጥቁ በኩል የገባው አየር ይህን ባሕርይ ቀስ በቀስ ሲያጠፋው ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከዛገው ብረት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይገምሰዋል። ከቢም ሥር ቡናማ እድፍ፣ ቀጥሎም የተላጠ አርማታና የተጋለጠ ፌሮ ስታዩ የምታዩት የዚህን ሂደት መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር አካባቢ። ጣርማ በርን አቋርጦ፣ ደብረ ሲናንና አርማንያን አልፎ የሚመጣ ግንበኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። የደጋ ልማዱ ግን አብሮት ይወርዳል። ደጋ ላይ ረፋድ የተሞላ ሶሌታ እርጥበቱን ይዞ ሊያመሽ ይችላል። እዚህ ፀሐዩ፣ ደረቁ የቆላ ንፋስና የጋለው ጠጠር ተባብረው ውሃውን ይመጡታል። የሙያው መመሪያዎች ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰዓት 1 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ የሚተን ከሆነ ተጠንቀቁ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ገና ያልጠነከረው አርማታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሚሆነውን ሁላችሁም አይታችሁታል። የተሞላው ሶሌታ መጀመሪያ ላዩ በውሃ ያብረቀርቃል። ከዚያ ብርቅርቅታው ድንገት ይጠፋል፤ ወዲያው እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ይወጣሉ። ሙያተኛው ሲሚንቶ ነስንሶ በማለስለሻ ያሽበታል፤ መስመሮቹ ከዓይን ይሰወራሉ፤ ከሥር ግን እንዳሉ ናቸው። ድብልቁ ቶሎ ሲደርቅበትም ሌላ ጥፋት ይከተላል፤ ውሃ ይጨምርበታል። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በ25 ሊትር ሲቦካ የውሃውና የሲሚንቶው ምጣኔ 0.5 ነው። በ35 ሊትር ሲቦካ 0.7 ይደርሳል። ትርፉ ውሃ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ አርማታው ይሟሽሻል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

ሲሚንቶ የራሱ ሐኪም ነው

ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ የእያንዳንዱ ቅንጣት ላይኛው ክፍል ተለውጦ ይጠነክራል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ግን ዙሪያቸው ድንጋይ ሆኖ መካከላቸው ሳይነካ ይቀራል። አርማታው ሲሰነጠቅ እነዚህ ያልተነኩ ቅንጣቶች ይጋለጣሉ፤ ውሃ በስንጥቁ ከገባም ያቋረጡትን ሥራ ይቀጥላሉ፤ ያብጣሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ክፍተቱን ያጠባሉ።

ሁለተኛም መንገድ አለ፤ ከመጀመሪያውም ይበልጣል። ሲሚንቶ ሲጠነክር በውስጡ ኖራ ይፈጠራል። በስንጥቅ የሚያልፍ ውሃ ይህን ኖራ ያሟሟዋል። የሟሟው ኖራ አየርና ውሃ ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ማለትም የኖራ ድንጋይ። ድንጋዩ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ እየተጋገረ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። አዲስ የውሃ ታንከር መጀመሪያ ሲሞላ በቀጭን ስንጥቅ ያነባና ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነጭ መስመር ትቶ የሚያቆመው ስለዚህ ነው።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎታል። ዛሬ መሐንዲሶች በስሌታቸው ይተማመኑበታል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያወጣቻቸው የሕንፃ ደንቦች የተቀዱት ከአውሮፓ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያን የሚመለከተው የአውሮፓ ደንብ ደግሞ ከወዲያ ወዲህ ዘልቆ የሚያልፍ ስንጥቅ እንኳ እንደ ውሃው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ከሆነ ራሱን ይዘጋል ብሎ ይቀበለዋል።

ፈውሱ ግን አራት ነገር ይጠይቃል። ስንጥቁ ቀጭን መሆን አለበት፤ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ውሃ ማግኘት አለበት። የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት፤ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ የተጋገረውን ድንጋይ መልሶ ይሰብረዋል። በመጨረሻም አርማታው ውስጥ በቂ ሲሚንቶ መኖር አለበት። ሲሚንቶ ተሰስቶበት፣ ውሃ በዝቶበት፣ ፀሐይ ላይ ተጥሎ የደረቀ አርማታ ግን ሦስት ጊዜ ይቀጣል፤ ስንጥቁ ይበዛል፣ ይሰፋል፣ የሚደፍነውም ነገር ያጣል።

ሮማውያንና የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ

ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሠሯቸው ወደቦችና ግንቦች እስከ ዛሬ መቆማቸው ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ዋናው ምክንያት ከኖራው ጋር ይቀይጡት የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደሆነ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአድሚር ማሲች የሚመራ ቡድን ሌላ ምስጢር ጨመረበት። ከፕሪቨርኑም ከተማ ግንብ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች አሉ፤ ቀድሞ የአቦካክ ጉድለት ተደርገው ይታዩ ነበር። ቡድኑ እንዳለው እንክብሎቹ የቀሩት ያልበረደ ኖራ ገና ትኩስ ሳለ ስለተቀላቀለ ነው። አርማታው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በእንክብሎቹ በኩል ያልፋል፤ ውሃ ያሟሟቸዋል፤ ኖራው ስንጥቁን ይሞላዋል። በዚሁ ዘዴ የተሠራ አዲስ አርማታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ተሰንጥቆ ውሃ ሲፈስበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳለፉን አቁሟል።

እኛም ከኖራ ጋር እንግዳ አይደለንም። የጎንደር አብያተ መንግሥት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተገነቡት በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ የኋላው ዕድሳት ግን ሲሚንቶውን አውጥቶ በኖራ ለመተካት ያለመ ነበር። የእሳተ ገሞራውም ድንጋይ በእጃችን አለ። ፒፒሲ የምትሉት ሲሚንቶ ከስምጥ ሸለቆ በሚወጣ ፑሚስና በመሰል ድንጋይ የተቀየጠ ነው። የተፈጨው ድንጋይ አርማታው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ቀስ ብሎ እየተዋሐደ ቀዳዳውን ያጠባል። ብዙ ግንበኛ ፒፒሲን «ደካማ» ብሎ ይንቀዋል። ደካማ ሳይሆን ዘገምተኛ ነው፤ ጊዜና ውሃ ከሰጡት ለወራት መጠንከሩን ይቀጥላል። ውሃ ከከለከሉት ግን የተቀየጠው ድንጋይ ሥራውን ሳይጀምር ይቀራል፤ ከገዛችሁት ከፊሉ ትቢያ ሆነ ማለት ነው።

ባክቴሪያው

አሁን ወደ ታዋቂው እንግዳ እንሂድ። ሔንክ ዮንከርስ የሚባል የኔዘርላንድ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 በዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጀመረ። የፈለገው አርማታ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ቀላል አልነበረም፤ በዚያ አልካላይን፣ ደረቅና ጥብቅ ቦታ የሚተርፍ ፍጡር ጥቂት ነው። ያገኘው ባሲለስ ከተባለው ወገን፣ ሶዳ በበዛበት ውሃና አፈር መኖር የለመደውን ነው።

ባሲለስ ሲቸግረው ወፍራም ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ይህ መልኩ ስፖር ይባላል። ስፖሩ በደረቅ እንደተዘራ ማሽላ ነው፤ ዝናብ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ልዩነቱ ይህኛው ለብዙ አሥርት ዓመታት መጠበቅ መቻሉ ነው። ስፖሩና ምግቡ ካልሲየም ላክቴት በትንንሽ የሸክላ እንክብሎች ተጨምረው ከአርማታው ጋር ይቦካሉ። ስንጥቅ ሲፈጠር እንክብሉ ይሰበራል፤ ውሃና ኦክስጅን ይገባሉ፤ ባክቴሪያው ይነቃል፤ ምግቡን ይበላል፤ የሚተርፈውም የኖራ ድንጋይ ነው። በቤተ ሙከራ እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተዘግቷል፤ ሲሚንቶ ብቻውን ከሚችለው አራት እጥፍ ማለት ነው። ሌላም በጎ ነገር አለው፤ ባክቴሪያው ኦክስጅን ስለሚጨርስ ብረቱን ከዝገት ይከላከላል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ የሸክላ እንክብሎች ቦታ ስለሚይዙ የአርማታውን ጥንካሬ ይቀንሱ ነበር፤ ዋጋውም ከተራው አርማታ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ እስካሁን የተሞከረው ሰው ገብቶ ሊጠግነው በሚቸገርበት ወይም ውሃ በሚነካው ሥራ ላይ ነው። በዌልስ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 በመንገድ ሥራ ላይ ባክቴሪያን ጨምሮ የተለያዩ ራስን የመጠገኛ ዘዴዎችን ሞክሯል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኢኳዶሩ ነው፤ በአንዲስ ተራሮች የመስኖ ቦይ ላይ የአገሩን የዕፅዋት ቃጫ ከባክቴሪያ ጋር ቀላቅለው የቦዩን ልባስ ሠርተውበታል። ገበሬና መስኖ ያለበት፣ ጥገና የሚርቀው አገር ነው።

ባክቴሪያውን ከባሕር ማዶ ማምጣትስ ግዴታ ነው? ሻላ፣ ጪቱና አብያታ የአልካላይ ሐይቆች ናቸው። እነሱን በመሰለ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ የባሲለስ ወገኖችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አጥንተዋል፤ ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ናቸው። ሥራው የተሠራው ለኢንዱስትሪ የሚያገለግሉ ኢንዛይሞችን ለማግኘት እንጂ ለአርማታ አልነበረም። ሆኖም ፍጡሩን ፈልጎ ማውጣት፣ ማራባትና ባሕርዩን ማወቅ ለአርማታም የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከእናንተ መካከል ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆች ይህን ብትይዙት የዕድሜ ልክ ሥራ ይወጣዋል።

ፈጽሞ የማይድን ስንጥቅ

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የምንኖረው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነውና። ግንቦት 1953 ማብቂያ ላይ ካራ ቆሬን ማዕከል አድርጎ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶችን ጥሏል፤ የደሴን መንገድ ሰነጣጥቋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት አባ ፒየር ጉዊን ይህን መንቀጥቀጥ በዝርዝር መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ፣ ከመካከሉም በመለኪያው ከ5.5 በላይ የደረሰው፣ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

መንቀጥቀጥ የሰነጠቀው ኮሎን በባክቴሪያ አይድንም። ስንጥቁን የሚሞላው የኖራ ድንጋይ ውሃ ይከለክላል እንጂ የተበጠሰ ፌሮ አይቀጥልም፤ ጭነትም አይሸከምም። ክረምት በሚያብጥና በጋ በሚኮማተር ዋልካ አፈር ላይ በተሠራ ቤት ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ እየወጣ የሚሄደው ስንጥቅም እንዲሁ ነው፤ ችግሩ ከመሠረት እንጂ ከግድግዳው አይደለም። ፌሮውን ተከትሎ የሚሄድና ቡናማ እድፍ ያለው ስንጥቅ ከዝገት የመጣ ነው፤ በልስን ቢሸፍኑት ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። እነዚህን ሦስቱን መሐንዲስ ሳያይ መለሰን ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስንጥቅ እየሰፋ ወይም ቆሞ እንደሆነ ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ጭረት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት፤ መካከሉ ላይም ስስ ጄሶ ለጥፉበት። ከወር በኋላ ስንጥቁ ጭረቱን አልፎ ከሄደ ወይም ጄሶው ከተሰበረ ሥራው ገና አላለቀም፤ ሰው አማክሩ። ካልተነቃነቀ በጥገና ይያዛል።

ለይፋት የሚያዋጣው የት ነው?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለመኖሪያ ቤት ኮሎንና ቢም ባክቴሪያ አያዋጣም። ደረቅ ቤት ውስጥ ውሃ ስለማይደርሰው ባክቴሪያው አይነቃም፤ ገንዘቡ ተጨማሪ ፌሮና የተሻለ ድብልቅ ቢገዛ ይሻላል። የሚያዋጣው የመስኖ ቦይ፣ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያና የድልድይ እግር ላይ ነው። ከሮቢ፣ ከጀውሃና ከአጣዬ ወንዞች ውሃ ጠልፎ ሽንኩርት፣ ማሾና ፍራፍሬ የሚያጠጣ ገበሬ በተሰነጠቀ ቦይ የሚፈሰውን ውሃ ያውቀዋል፤ የታችኛው ማሳ ባለቤት ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በቦይ ላይ ውሃው በተራ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ለራስ ጥገና የሚመቸውም ይኸው መራስና መድረቅ ነው። ስለዚህ አዲሱ ነገር በአገራችን ሲሞከር መጀመሪያ ቦይ ላይ ይሞከር እላለሁ፤ ጎን ለጎን ተራውንና ባክቴሪያ ያለበትን ሠርቶ፣ የሚሾልከውን ውሃ ለክቶ፣ ውጤቱን ለገበሬው አሳይቶ።

እስከዚያው ግን የሲሚንቶን የራሱን ፈውስ ሥራ ላይ እናውል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ትጋት ግን ይፈልጋል።

አንደኛ፣ አርማታ ጎሕ ሲቀድ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ሙሉ። ጠጠሩን ጥላ ሥር አኑሩ፤ ካሳፎርማውን ከመሙላታችሁ በፊት አርጥቡት።

ሁለተኛ፣ ውሃን በባልዲ ለክታችሁ ጨምሩ። ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አትለፉ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ቀንሱለት።

ሦስተኛ፣ አሸዋውን ፈትኑ። በመዳፋችሁ አሽታችሁ ጭቃ ከተወ ይታጠብ። በጠርሙስ ውሃ በጥብጣችሁ ስታሳርፉት ከላይ የሚጋደመው ደለል ከ6 በመቶ ካለፈ ለአርማታ አይሆንም።

አራተኛውና ዋናው፣ ውሃ አጠጡት። ድንጋይ ያልተቀየጠበት ተራው ሲሚንቶ (ኦፒሲ) ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ከ10 እስከ 14 ቀን። በቀን ሁለት ጊዜ በባልዲ ረጭቶ መሄድ ውሃ ማጠጣት አይደለም፤ በሮቢት ፀሐይ በሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ጆንያ አልብሱት፤ ጆንያው ቀንም ሌሊትም እርጥብ ይሁን። በሶሌታ ላይ ዙሪያውን በአሸዋ ገድባችሁ ውሃ ብታቁሩበት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ሲሚንቶ የለም የሚለው ምክንያት እየቀለለ ነው። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ላይ መስከረም 2017 የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። ያም ሆኖ ሲሚንቶ በ1,450 ዲግሪ የሚጋገር፣ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ያህሉን የሚይዝ ውድ ነገር ነው። በሃያ ዓመት ፈርሶ እንደገና የሚሠራ ቦይ ይህን ዋጋ ሁለት ጊዜ ያስከፍለናል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ውል ስትፈርሙ «አርማታው እስከ 14 ቀን በጆንያ ተሸፍኖ ይጠጣል» የሚል አንድ መስመር አስገቡበት፤ ክፍያውንም ከዚያ ጋር እሰሩት። ባለሙያው ካላጠጣ ባለቤቱ ያጠጣ፤ ባለቤቱ ከሌለ ጎረቤት ይደረብ። ነገ ሶሌታ የምትሞሉ ካላችሁ ጆንያውን ዛሬ ማታ አዘጋጁ።